ስትቆም የምትበርድ፣ ስትሄድ የምትግል

ባለፈው ሳምንት ጨዋታችን ላይ ስንለያይ እያለቀስሁ ነበር። በዛሬው ደግሞ ተናድጄ ነው የምታገኙኝ። ግድ የለም፣ ከለቅሶ ንዴት ይሻለኛል፤ ንዴት ቢያንስ ሥራ ያሠራል።

አዲስ ለመጣችሁ በአጭሩ ላስተዋውቅ፤ እንግዳ ሰው መሐል ላይ ገብቶ ሲደናገር ማየት አልወድም። አዛለች እባላለሁ። ቤተሰቦቼ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፣ በጉና በኩል፣ ገብስና ድንች አራሾች ናቸው። እኔ ሻርጃ ሰው ቤት ሠርቼ ተመልሻለሁ። የዚያ ቤት አባወራ የእሽቅድምድም መኪና ፍቅር የያዘው ሰው ነበር፤ ጋራዡ ድረስ ሻይ ይዤለት ስገባ "ይሄ ምንድን ነው? ያኛውስ ለምን እንዲህ ሆነ?" እያልሁ መውጫ አሳጣዋለሁ። ደግነቱ የሚጠይቀው ሰው ናፍቆት ኖሮ አይቆጣም። ጓደኞቼ ወርቅ አድርገው ሲመለሱ እኔ ጭንቅላቴን ሙሉ የመኪና ወሬ ይዤ መጣሁ። እናቴ እስከ ዛሬ አልተጽናናችም።

አሁን በሥራ ቀን ሚኒባስ እነዳለሁ፤ ከደብረ ታቦር ሐሙሲት፣ ከሐሙሲት ባሕር ዳር። በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ ዳማ አለችኝ። ዳማ ከኔ በዕድሜ የምትበልጥ ዲኤክስ መኪና ናት፤ ቀለሟ የዳማ ፈረስ ስለሆነ ነው ስሙን ያወጣሁላት። የአካባቢው መኪና ወዳዶች ተሰባስበን ከከተማው ጫፍ ወደ ጉና በሚወጣው የኮረኮንች ዳገት ላይ ውድድር ልናደርግ ተነጋገርን። አንድ መኪና ለብቻው ይወጣል፣ ሰዓት ይያዝለታል። መንገድ ላይ የፈላ መኪና ከውድድር ውጭ ነው፣ ሁለተኛ ዕድል የለውም። ከተወዳዳሪዎቹ ሴት እኔ ብቻ ነኝ።

ደሳለው የሚባል ሰው ደግሞ አለ፤ በቴክኒክ ኮሌጅ ብየዳ ያስተምራል። ረጅም ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ጣቶቹ ወፋፍራም ናቸው። እወደዋለሁ። ይወደኛል። እናቱ ግን ወይዘሮ ጽጌ ናቸው።

ይህን ስል የደብረ ታቦር ሰው ወዲያው ይገባዋል። ወይዘሮ ጽጌ ባለ ወፍጮ ናቸው፣ ባለ ግንብ ቤት ናቸው፣ ማኅበር ላይ ሲገቡ ሴቱ ሁሉ ብድግ ይልላቸዋል። ለአንድ ልጃቸው "ዐረብ አገር ደርሳ የመጣች" ሚስት አልተመኙለትም። ሰድበውኝ አያውቁም፤ ቢሰድቡኝማ መልስ መች አጣለሁ! የሚያደርጉት ምን መሰላችሁ? ሰላም ልላቸው በሄድሁ ቁጥር ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይቀበሉኝና "እህል አምጥተሽ ነው?" ይሉኛል፤ እጄ ባዶ መሆኑን እያዩ! "አይ፣ እንዲያው ሰላም ልበልዎ ብዬ ነው" እላለሁ። "እግዜር ይስጥልኝ" ይሉና ወደ ዱቄታቸው ይመለሳሉ። መኖሪያ ቤታቸው ከወፍጮው ጀርባ ነው፤ አንድም ቀን "ግቢ" ብለውኝ አያውቁም።

በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ደሳለውን ፊት ለፊት አፋጠጥሁት።

"እኔ ላንተ ምን እንደሆንሁ እናትህ ፊት ተናገር። ካልሆነ ተወኝ፣ እንዲህ ደጃፍ ላይ ቆሜ አላረጅም" አልሁት።

"ቅዳሜ" አለኝ።

"የምን ቅዳሜ?"

"የውድድሩ ቅዳሜ። እዚያው እጠራታለሁ። ሰው ሁሉ ባለበት እናገራለሁ።"

የዛሬው ጨዋታችን እንግዲህ ስለዚያ ቅዳሜ ነው። ግን መጀመሪያ ስለ ዳማ ሞተር ማራገቢያ ልንገራችሁ፤ እሱን ሳታውቁ ሌላው አይገባችሁም።

*

ሳቁ እንጂ! የሌላው ሰው ፍቅር በአበባ ሲጀምር የኛ የጀመረው በራዲያተር ፋን ነው።

የዳማ የድሮ ፋን በቺንጋ፣ በላስቲክ ቀበቶ፣ ከሞተሩ ጋር ታስሮ የሚዞር ነበር። ሞተሩ ሲፈጥን ይፈጥናል፣ ሞተሩ ሲያዘግም ያዘግማል። ዳገት ላይ ደግሞ ሞተሩ እያዘገመ ነው የሚቃጠለው፤ ነፋስ አጥብቃችሁ በምትፈልጉበት ሰዓት ፋኑ ይለግማል። በዚያ ላይ የሚዞረው የሞተሩን ጉልበት እየበላ ነው። ዳማ ደግሞ የሚበላባት ጉልበት የላትም።

ደሳለውን ያገኘሁት ያኔ ነው። የራዲያተር እግር ላስበይድ ኮሌጁ በር ላይ ብሄድ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሞ ቀረ።

"ለመሆኑ ሞተር እዚህ አገር ለምንድን ነው እንዲህ ቶሎ የሚፈላው?" ብዬ ጠየቅሁት። "ሻርጃ ሙቀቱ ሰው ይጠብሳል፤ መኪናው ግን እንዲህ አይፈላም።"

"እናትሽ ባቄላ ስትቀቅል አላየሽም?" አለኝ ቀና ሳይል። "ውኃው ቶሎ ይፈላል፣ ባቄላው ግን አልበስል ይላል። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ውኃው በደንብ ሳይግል ይፈላል።"

"ፋኑስ?"

"እሱም ያው ነው፤ የሚያራግበው አየር ስስ ነው። እታች ሐሙሲት ላይ የሚበቃ ፋን ጉና ላይ አይበቃም።"

እኔ አዛለች፣ አፌ የማይከደነው፣ ዝም አልሁ። "ዓይንሽ ያምራል" ያሉኝ ወንዶች ነበሩ፤ ስለ ስስ አየር የነገረኝ ግን እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ክርክር ሆነ ኑሯችን። በቺንጋ የሚዞረው ወጥቶ በባትሪ የሚዞር እንዲገባ ተስማማን። ዲናሞዋ እንዳይከብዳት መብራቱንም ሬዲዮውንም አጠፋፋን። የቀረው ስንት ይሁን፣ የት ይቀመጥ የሚለው ነው።

"ሁለት ትናንሽ፣ ከራዲያተሩ ፊት" አለ እሱ። "ከፊት ሆነው ነፋሱን ወደ ውስጥ ይገፉለታል።"

"አንድ ትልቅ፣ ከራዲያተሩ ኋላ" አልሁ እኔ። "ከኋላ ሆኖ ይሳበው። ፊቷ ላይ ከደቀንህባት ስሄድ የሚመጣውን ነፋስ ራሱ ፋኑ ይከልልባታል።"

"ከኋላ ቦታ የለም፣ አዙ። ሞተሩ አለ።"

"የድሮው ሲወጣ ቦታ ይገኛል።"

"ለክቼዋለሁ እኮ። ጣት አያሳልፍም።"

"የማን ጣት? ያንተ ጣት መቼ የሰው ጣት ሆነ!"

ሳቀ። እሱ ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው።

ባሕር ዳር ወርደን አሮጌ መለዋወጫ ከሚሸጥበት አንድ ትልቅ ፋን አገኘን። በቁጥሩ እኔ አሸነፍሁ፣ በቦታው እሱ አሸነፈ፤ ከፊት ገባ። ከመግባቱ በፊት ክንፎቹ መጣመማቸውን ሊያይ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያዘው፤ እኔ ከወዲያ በኩል ሆኜ በጣቴ ቀስ እያልሁ አዞርሁለት። በክንፎቹ መካከል ዓይኑ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፣ ብቅ ይላል።

"ተጣሟል?" አልሁት።

"ምኑ?"

"ክንፉ ነዋ!"

"አላየሁትም" አለኝ።

ማዞሬን አላቆምሁም። ቢቆም እንባዬ ይመጣ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

*

ከፊት የገባው ፋን ደህና ነበር፤ ግን ለጥቂት። የሙከራው ዕለት ዳገቱን ስንወጣ የሙቀት ጠቋሚው ቀዩ መስመር ጋ ደረሰ። ደሳለው "ፍል ውኃ ፍለጋ ወንዛዬ ድረስ ምን አስኬደሽ፣ እዚሁ አለልሽ" ብሎ ቀለደብኝ። "ከኋላ ይሁን አላልሁም?" አልሁት። "አይገባም" አለኝ። ተኮራርፈን ወረድን፤ የእውነት ኩርፊያ አልነበረም፣ መሳቂያ ኩርፊያ ነበር።

ከዚያ ነው ገነት የመጣችው። ገነት ጎረቤቴ ናት፣ ወሬ ካልነገረች እንቅልፍ አይወስዳትም። ወይዘሮ ጽጌ ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቅ የሰማችውን እየሮጠች አመጣችልኝ።

"ወይዘሮዋ ምን አሉ መሰለሽ? 'ያቺ መኪና ዳገቱን ባትወጣ ደስ ይለኛል' አሉ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ!"

"እሱስ ምን አለ?"

"ምን ይላል? ዝም!"

ባለፈው ሳምንት ያስለቀሰኝ ይኸው ነው። ስልኬን አጥፍቼ ድንች ለቀማ ላግዝ ብዬ እናቴ ጋ ወጣሁ። ዳማ ኮሌጁ ግቢ፣ ደሳለው ጋ ቀረች። ማታ ማታ እግሬን እሳት ዳር ዘርግቼ የማስበው አንድ ነገር ነበር፦ ለምን ዝም አለ? ሰው የሚወዳትን ሴት እንዲህ ሲሉበት እንዴት ዝም ይላል? መልሱን እየፈራሁ እንኳ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ እንዲህ ነው የፈጠረኝ።

*

ቅዳሜ ጠዋት ወረድሁ። ኮሌጁ ግቢ ብሄድ ደሳለው አልነበረም፣ ቁልፉን ዘበኛው ጋ ትቶልኛል። ኮፈኑን ከፈትሁና ጮህሁ።

ፋኑ ከኋላ ነው! ራዲያተሩና ሞተሩ መካከል፣ ያ ጣት አያሳልፍም የተባለው ቦታ ላይ፣ ነፋሱ በጎን እንዳያመልጥ ዙሪያውን በላሜራ ታጥሮ፣ ብየዳው ተሞርዶ፣ ቀለም ሁሉ ተቀብቶ። ከፊቷ የሚከልላት ነገር የለም። እኔ እንዳልሁት! አኩርፌው፣ ስልክ ዘግቼበት፣ እሱ እኔ እንዳልሁት ሲሠራ ሰንብቷል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዘበኛው ባያየኝ ራዲያተሩን እስመው ነበር።

አስነሥቼ ቆምሁ። ፋኑ ተነሣ፣ ጠቋሚው መሐል ላይ ቀጥ አለ። እሰይ! ወደ ዳገቱ ይዣት ወጣሁ፣ ከውድድሩ በፊት ላሟሙቃት ብዬ።

መጀመሪያው ላይ ደህና ነበረች። ዳገቱ ሲጀምር ጠቋሚው ተነሣ። ጥቂት ሄድሁ፣ ቀዩ ጋ ደረሰ። በድንጋጤ ዳር ይዤ ቆምሁ። ሞተሩን አላጠፋሁም፤ ቆሜ ሳየው ጠቋሚው ቀስ ብሎ ወረደ፣ መሐል ላይ ተመለሰ። እንዴ! እንደገና ነዳሁ፣ ጋለች። ቆምሁ፣ በረደች። የጉና ነፋስ ፊት ለፊት እየመጣ፣ ሰው ጆሮውን በጋቢ በሚሸፍንበት ብርድ፣ ስትሄድ የምትግል፣ ስትቆም የምትበርድ መኪና! ነፋስ ባገኘች ቁጥር ነው የሚብስባት። እንዲህ ያለ ነገር ሻርጃም አላየሁ፣ እዚህም አላየሁ። ሌላ ቀን ቢሆን በደስታ ቁጭ ብዬ ሳስብበት እውል ነበር።

ያን ዕለት ግን ሐሳቤ የሄደው ወደ ሌላ ነው። ዳገቱን ባትወጣ ደስ ይለኛል። ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ። ዝም።

ወደ መነሻው ስመለስ ደሜ ፈልቶ ነበር።

*

መነሻው ላይ ሰው ተሰብስቧል። ደሳለው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ፀጉሩን ተቆርጦ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ እየሳቀ መጣ።

"አየሻት?" አለኝ።

"አየኋት። ምን አደረግሃት?"

"ከኋላ አደረግሁልሽ። እንዳልሽው።"

"እንዳልሁት አድርገህ እንደማይሠራ ልታሳየኝ ነው አይደል?"

ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደ።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ትግላለች! ስቆም ትበርዳለች፣ ስሄድ ትግላለች። ከፊት ሳለ ለጥቂትም ቢሆን ትወጣ ነበር፤ አሁን ግማሽ ዳገት አትወጣም። እናትህ ባትወጣ ደስ ይለኛል አሉ፣ አንተም ሰምተህ ዝም አልህ። እንግዲህ እንኳን ደስ ያላቸው!"

ሰው ወሬውን አቁሞ ወደ እኛ ዞረ። ደሳለው አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

"ይህን እኔ አደርገዋለሁ ብለሽ አሰብሽ?" አለኝ ቀስ ብሎ። "እኔ? አንቺን?"

"ታዲያ ምን ላስብ? ንገረኛ! ምን ላስብ?"

እጁን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋልኝ። የጣቶቹ መገጣጠሚያ ሁሉ ተልጧል፤ አንዳንዱ ደርቋል፣ አንዳንዱ ገና ቀይ ነው። ራዲያተሩና ሞተሩ መካከል ያለችውን ቀዳዳ ዓይኔ ላይ አመጣኋት። እነዚያን ወፋፍራም ጣቶች እዚያ ውስጥ።

"ጣት አያሳልፍም ብዬሽ አልነበር?" አለኝ። "አላሳለፈም።"

ይቅርታ ልል አፌን ከፈትሁ፤ ይቅርታ ግን እንዲህ ቶሎ ከአፌ አይወጣም። እጁን እያየሁ ሳለሁ የወፍጮ ቤቷ ፒክአፕ ከኋላችን ቆመች።

ወይዘሮ ጽጌ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወረዱ። ልጃቸውን አዩ፣ እጁን አዩ፣ እኔን አዩ። "እህል አምጥተሽ ነው" ሊሉኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስሁ።

"ምን ሆነች?" አሉኝ። መኪናዋን ነው።

እንዴት ልዋሽ? "ትግላለች፣ እትዬ ጽጌ" አልሁ።

"ሁልጊዜ?"

"አይደለም። ስቆም ትበርዳለች።"

"ስትሄጅ ትግላለች?"

"ስሄድ ትግላለች። ነፋሱ ፊት ለፊት ሲመጣ ይብስባታል።"

ዓይናቸው ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ። አወቅሁት፤ እኔ ራሴ ያልገባኝ ነገር ሲያጋጥመኝ የሚይዘኝ የማወቅ ጥማት ነው። ወይዘሮ ጽጌ ላይ አያለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

"አስነሻት" አሉኝ።

አስነሣኋት። ፋኑ ጮኸ። ወይዘሮ ጽጌ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ በሁለት ጫፉ ይዘው ዳማ ፊት፣ ፍርግርጉ ላይ ዘረጉት። ነጠላው ወደ መኪናዋ መሳብ ሲገባው ወደ እሳቸው ተነፋ፤ ሆዱ ተቆዝሮ ደረታቸው ላይ ተለጠፈ።

"ትተፋለች" አሉ። "ወደ ኋላ ነው የሚዞረው።"

"ምኑ?" አለ ደሳለው።

"ፋንህ ነዋ! ባለፈው ዓመት የወፍጮው ሞተር ተጠግኖ ሲመለስ ሽቦው ተገላብጦ አልገባም? ይዞራል፣ ይጮኻል፣ አቧራ ያስነሣል፤ ዱቄት ግን የለም። ረሳኸው? አንተው አይደለህ እንዴ መልሰህ ያሰርኸው?"

ደሳለው ግንባሩን በመዳፉ መታ። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ደጋግሞ።

"ከፊት የነበረውን እንዳለ አንሥቼ ከኋላ አሰርሁት!" አለ። "ያው ፊቱ ራዲያተሩን እንዳየ! ከፊት ሆኖ ወደ ውስጥ ይገፋ የነበረው፣ ከኋላ ሲሆን ወደ ውጭ ይገፋል። ስትሄድ ነፋሱ ይመጣል፣ ፋኑ ይመልሰዋል። ራዲያተሩ መሐል ላይ ተገናኝተው ይገፋፋሉ፤ አየር የሚባል አያልፍም!"

"ስትቆምስ ለምን ትበርዳለች?" አልሁ። አልቻልሁም፣ መጠየቅ ነበረብኝ።

"ስትቆም የሚገፋው የለማ! ወደየትም ይንፋ፣ ያበርዳታል። እኔም ግቢ ውስጥ አቁሜ ነው የሞከርኋት። አንቺ ሳትነጃት ማንም አይንዳት ብዬ…"

ነገሩን አልጨረሰውም።

"እኔና አንተም እንዲሁ ነው ስንጣላ የከረምነው" አልሁት። "እኔ እመጣለሁ፣ አንተ ትመልሰኛለህ። አንተ ትመጣለህ፣ እኔ እመልስሃለሁ።"

"እኔ መልሼሽ አላውቅም" አለኝ።

እውነቱን ነው። የምመልሰው እኔ ነኝ። እንባዬ መጣ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ መሪ ይዤ፣ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። "ይቅር በለኝ ደሳለው" አልሁት፣ "ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ያደርጋል አልል ነበር፤ ባንተ ሲሆን ስለምፈራ ነው። እንዳላጣህ ስለምፈራ ክፉ ክፉውን ነው የማስበው።"

*

ሽቦውን ለመቀየር ጊዜ አልፈጀም። ፒንሳ ነበረው፣ የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ ነበረው። ሁለቱን ሽቦ ቆርጦ አቀያየረ፣ ጠቀለለ። "የክንፉ ጥምዘዛ የተሠራው ለዚያኛው በኩል ስለሆነ ትንሽ ይሰንፋል" አለ ለራሱ እንደሚያወራ፣ "ግን አሁን የመንገዱ ነፋስ ያግዘዋል።" ወይዘሮ ጽጌ ሳይነገራቸው ነጠላቸውን እንደገና ዘረጉ። ነጠላው ከእጃቸው ሊወጣ ምንም አልቀረው፤ ጥብቅ ብሎ ፍርግርጉ ላይ ተለጠፈ። ሰው አጨበጨበ።

ደሳለው ቀና አለ። ፊቱ ላይ ቅባት አለ፣ ንጹሑ ሸሚዝ ንጹሕ መሆኑ ቀርቷል።

"እማዬ" አለ። "የጠራሁሽ ለመኪና አይደለም። አዛለችን እወዳታለሁ። የማገባት እሷን ነው። አንቺ ብትመርቂን ደስ ይለኛል፤ ሳትመርቂን ግን ተደብቀን አንኖርም። ያኔ ወፍጮ ቤት ዝም ያልሁት መልስ አጥቼ አይደለም፣ መልሱን እሷም እየሰማች እንድሰጥሽ ብዬ ነው።"

እነሆ ያልሁት ሆነ፤ እንዲህ ያስፈራል ብሎ ግን ማን ነገረኝ!

"ዓይን አለኝ" አሉ ወይዘሮ ጽጌ። "ሰሞኑን ወጥ ስትበላ በርበሬው ጣትህን እየለበለበህ ስትንጨረጨር አላየሁም? ለመኪና ብሎ ማን እንዲህ ይሆናል? ያወቅሁት ያኔ ነው።"

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን እኔ አዛለች ነኝ።

"እትዬ ጽጌ፣ ዳገቱን ባትወጣ ደስ ይለኛል ብለዋል አሉኝ" አልሁ።

"ብያለሁ፣ አልክድም። አሁንም ባትወጪ ደስ ይለኛል። ያ መንገድ ገደል ነው። አንቺ አንድ ነገር ብትሆኝ ልጄ ከዚያ በኋላ ሰው ይሆናል?"

ያን ቃል ለቀናት አላምጬዋለሁ፣ ተኝቼበታለሁ፣ አልቅሼበታለሁ። እንዲህ ሆኖ ግን ሰምቼው አላውቅም።

"ታዲያ ፋኑ ወደ ኋላ መዞሩን ለምን ነገሩን?"

"ወደ ኋላ የሚዞር ነገር እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። ወፍጮ ይሁን፣ መኪና ይሁን፣ ሰው ይሁን።" ቀጥለውም "ሌላውን ቀስ ብለን እንነጋገራለን፤ የሚያነጋግረን ብዙ አለ" አሉ።

ስሜ ተጠራ። ተራዬ ደርሷል። ወይዘሮ ጽጌ ነጠላቸውን ሊያጣፉ ገልበጥ ሲያደርጉት አየሁት፤ የራዲያተሩ መስመር በአቧራና በቅባት ታትሞበታል፣ ጥለቱ ላይ ሳይቀር።

"ውይ! እኔ ላጥብልዎ" አልሁ።

"ታጥቢዋለሽ እንጂ፣ ማን ሊያጥበው ኖሯል?" ብለው በመስኮት ጭኔ ላይ ጣሉት። "የማርያም ማኅበር በዚህ ወር ተራው የኔ ነው። ያን ዕለት ይዘሽልኝ ነይ።"

"እሺ። ወፍጮ ቤት ላምጣልዎ?"

አዩኝ። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ የማውቀውን አስተያየት አዩኝ፤ እንደ ድሮው ግን አልከበደኝም።

"ወፍጮ ቤት ምን ልትሠሪ? እህል የለሽ" አሉኝ። "ቤት ግቢ።"

ደሳለው መስኮቱ ላይ ጎንበስ ብሎ የተላጠ ጣቱን እጄ ላይ አሳረፈ። ማርሽ አስገባሁና ወጣሁ።

ስንተኛ ሆንሽ ለምትሉኝ፣ እሱን ሌሎቹን ጠይቁ። ጠቋሚውን ግን ንገሪን ካላችሁ፣ ከታች እስከ ላይ መሐል ላይ ነበር፤ ነፋሱ በመጣ ቁጥር ፋኑ ተቀብሎ ያሳልፈዋል። ጫፉ ላይ ደርሼ ዳማን አቆምሁና ያን ነጠላ ከጭኔ አንሥቼ ፊቴ ላይ አደረግሁት። ዱቄትና የሞተር ዘይት ይሸታል። ማርያም እስክትደርስ ድረስ ባላጥበው ደስ ይለኝ ነበር።